ለልጄ ችፌና ለወተት አለርጂው ፕሮባዮቲክ ልጀምርለት? የምታውቁ እርዱኝ

እንቅልፍ ያጣች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ልጄ 14 ወሩ ነው። ገና በአራት ወሩ ጉንጩ ቀላ፣ ሻከረ፣ ከዚያ ሽፍታው ወደ ክርኑ ማጠፊያና ከጉልበቱ ኋላ ወረደ። ሐኪሙ ኤክዜማ ነው አለኝ፤ ችፌ የምንለው። በስምንት ወሩ ደግሞ የላም ወተት አለርጂ እንዳለበት በምርመራ ታወቀ። ቀን ቀን ሲጫወት ይረሳዋል። ማታ ግን ሲያክ ነው የሚያድረው። እጁ ላይ ካልሲ አጥልቄለት አስተኛዋለሁ፣ እሱ በጥርሱ እየጎተተ ያወልቀዋል። ጠዋት አንሶላው ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

አንዲት ጓደኛዬ «ነገሩ ከቆዳው አይደለም፣ ከአንጀቱ ነው፤ ፕሮባዮቲክ ስጪው» አለችኝ። ዱቄቱን ገዛሁ። አሁን ከፊቴ አለ፣ አልከፈትኩትም። ማሸጊያው ላይ «10 ቢሊዮን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የምን 10 ቢሊዮን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ሌላም አለ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለተኛውም እንደዚህ እንዳይሰቃይ ከአሁኑ ማድረግ የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ። ያነበበም፣ የሞከረም፣ ሙያው የሆነም ይመልስልኝ።

ማይክሮስኮፕ

እህቴ አይዞሽ። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፣ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት ነው የማጠናው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ነገሩ ከሥሩ ካልገባሽ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ይመስልሻል።

ፕሮባዮቲክ የሚባሉት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ትርጉሙን የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 አስቀምጠውታል። 10 ቢሊዮኑ በአንድ መጠን ውስጥ በሕይወት ያሉ፣ መራባት የሚችሉ ባክቴሪያዎች ቁጥር ነው። ብዙ ይመስላል። አንጀታችን ውስጥ ያሉት ግን በትሪሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ስለዚህ ከብዛታቸው ይልቅ ማንነታቸውን እይ።

አሁን ወደ አለርጂው። የመከላከያ ሥርዓታችን ጠላት ያልሆነውን እንደ ጠላት ሲይዘው ነው አለርጂ የሚመጣው። የልጅሽ ሰውነት የወተትን ፕሮቲን ሲያገኝ አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶለታል። ይህ አይጂኢ ከቆዳ ሥር፣ በአንጀትና በአየር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ባሉ ማስት ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ወተቱ ተመልሶ ሲመጣ ፕሮቲኑ ጎን ለጎን ያሉትን አይጂኢዎች አንድ ላይ ያያይዛቸዋል፣ ማስት ሴሉም በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃል። ማሳከኩ፣ ማበጡ፣ ማስታወኩ ከዚያ ነው የሚመጣው። ኤክዜማው ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም። እዚያ የቆዳው ግድግዳ መሳሳትም አለበት።

አይጂኢው እንዲሠራ ትእዛዝ የሚያስተላልፉት «ቲ ረዳት 2» የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነሱን የሚያረጋጉ ሌሎች ቲ ሴሎችም አሉ፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ይባላሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሚዛኑ በተፈጥሮው ወደ ቲ ረዳት 2 ያደላል። ሚዛኑን ከሚያስተካክሉት ነገሮች አንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጀቱ ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከአንጀት ግድግዳ ሥር ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ክንዳቸውን በግድግዳው ሴሎች መሀል ሾልከው እያወጡ ያለፈ ያገደመውን ይቀምሳሉ። በምስል ሳየው እስከዛሬ ይገርመኛል። የቀመሱት ባክቴሪያ ዓይነት ለቲ ሴሎች የሚሰጡትን መልእክት ይለውጠዋል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ «ተረጋጉ» የሚል ነገር ያስተላልፋል፣ ያኔ ተቆጣጣሪዎቹ ይበዛሉ፣ ኢንተርሉኪን 10 የሚባለው አረጋጊ ንጥረ ነገርም ይጨምራል።

ስለዚህ ጓደኛሽ አንጀትን ማንሳቷ ከመሬት ተነስታ አይደለም። ችግሩ ይህ ሁሉ በላብራቶሪ ሳህንና በአይጥ ላይ በጣም ያምራል። በልጅ ላይ ሲሞከር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እመለስበታለሁ።

ሦስት ወር የዋጥኩ

እኔ አዋቂ ነኝ፣ የአበባ ብናኝ ሲመጣ አፍንጫዬና ዓይኔ ነው የሚሰቃየው። የሞከርኩትን ልንገርሽ። ብናኙ ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ጀምሬ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ እንክብል ዋጥኩ። ማታ ማታ ደብተር ላይ ለአፍንጫዬና ለዓይኔ ከ0 እስከ 3 ነጥብ እየሰጠሁ ጻፍኩ። ነጥቡ ካለፈው ዓመት ቀነሰ፣ በጣም ደስ አለኝ፣ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

በቀጣዩ ዓመት ምንም ሳልወስድ ያንኑ ደብተር ቀጠልኩበት። ነጥቡ ያው ሆነ። ለካ ፕሮባዮቲኩን በወሰድኩበት ዓመት ጸረ አለርጂ የአፍንጫ መርጫዬንም ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት በየቀኑ እየተጠቀምኩ ነበር፣ በኋላም አላቋረጥኩትም። ሁለቱን አንድ ላይ ስለጀመርኩ የትኛው እንደረዳኝ መለየት አልቻልኩም ነበር። እህቴ፣ ምንም ነገር ብትጀምሪ አንድ በአንድ ጀምሪ፣ ቀኑንም ጻፊ።

የሕፃናት ነርስ

ማሚዬ፣ ሌላውን ሁሉ ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር። ልጅሽ የወተት አለርጂ አለበት ብለሻል። ብዙ ፕሮባዮቲኮች ባክቴሪያዎቹ የሚባዙት ወተት ባለበት መኖ ላይ ነው። ትንሽ የወተት ፕሮቲን በዱቄቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለሌላው ልጅ ምንም አይደለም፣ ለአንቺ ልጅ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያውን ፊት ለፊቱን ትተሽ ጀርባውንና ጎኑን አንብቢ። ካልገባሽ ጻፊልን።

ሌላው፣ ልጁ የተወለደው በጊዜው ነው? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ገብተው ከባድ ኢንፌክሽን ያመጡበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የመከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመ ወይም በትልቅ የደም ሥር ቱቦ የገባላቸው ሕፃናትም እንደዚሁ ናቸው። ጤነኛ ሆኖ በጊዜው ለተወለደ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም።

ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ በተደጋጋሚ ካስታወከና ከተዝለፈለፈ ያ ድንገተኛ ነው። ኤፒነፍሪን የሚባለው የድንገተኛ አለርጂ መርፌ ታዞለት ከሆነ ወዲያው ይወጋ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ። የማሳከክ ሽሮፕ ሰጥቶ መጠበቅ አይሆንም።

እንቅልፍ ያጣች እናት

ነርሷ እግዚአብሔር ይስጥሽ። በጊዜው ነው የተወለደው። አሁን ማሸጊያውን በስልኬ መብራት አየሁት። ከታች፣ ማጠፊያው ሥር፣ ከጉንዳን በሚያንስ ፊደል «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» ይላል። የሸጠችልኝን ልጅ «የወተት አለርጂ አለበት፣ ይሆነዋል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ይሄ ወተት የለውም» ነው ያለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ማታ ልጀምርለት ነበር እኮ።

የሕፃናት ነርስ

እንኳን አልከፈትሽው። ሻጯም አውቃ አይመስለኝም፣ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ አንብባ ይሆናል። በልጅሽ ሐኪም ፈቃድ ካልሆነ ምንም አትጀምሪ።

ጥያቄ የማበዛ

እኔ በግልጽ እናገራለሁ። እናቶች ሲጨነቁ ገበያው ይደርሳል። ኤክዜማ ያለባቸውን በፕሮባዮቲክ ማከም ይቻላል ወይ የሚለውን እኮ ኮክሬን፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰብስቦ መርምሮታል። 39 ጥናቶች፣ 2599 ሰዎች። መደምደሚያው ግልጽ ነው፦ ሕመምተኞቹ ወይም ወላጆች የሚናገሩት ምልክት፣ ማሳከኩንና እንቅልፍ ማጣቱን ጨምሮ፣ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው ወይም የለም። ይህን ማሸጊያ ላይ የሚጽፍ የለም።

ማይክሮስኮፕ

ተመለስኩ። ጥያቄ የማበዛ ትክክል ነህ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዋ መልሱ እሱ ነው። አንዴ የተነሳን ኤክዜማ በፕሮባዮቲክ ለማዳን የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ከወተት አለርጂ ቶሎ መላቀቅን በተመለከተ የጣሊያኗ ኔፕልስ ተመራማሪዎች ተስፋ ሰጪ ውጤት አግኝተዋል፤ እነሱ ግን ባክቴሪያውን የሰጡት ፕሮቲኑ በጣም ከተሰባበረ ልዩ የሕፃናት ወተት ጋር ነው፣ በሐኪም ክትትል። ከገበያ የተገዛ ዱቄትን አይመለከትም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የመከላከሉ፣ ለእኔ የበለጠ የሚያጓጓኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ ተመራማሪዎች በቤተሰባቸው አለርጂ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከመውለዳቸው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በፊት ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የተባለውን ባክቴሪያ ሰጡ። ከወሊድ በኋላም ለስድስት ወር ለሚያጠቡት እናቶች ወይም ለሕፃናቱ ቀጠሉ። ግማሾቹ የወሰዱት ባዶ እንክብል ነበር፣ ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ኤክዜማ የነበረባቸው ባዶውን ከወሰዱት 46 በመቶ፣ ባክቴሪያውን ከወሰዱት 23 በመቶ ሆኑ። በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው! ያኔ ወሬው ዓለምን አዳረሰ።

ጥያቄ የማበዛ

እሺ፣ ቀሪውንም ጨርሰው። በዚያው ጥናት የአይጂኢ መጠንና የቆዳ ላይ የአለርጂ ምርመራ በሁለቱ ቡድኖች ተመሳሳይ ነበር። ኤክዜማው ቀነሰ እንጂ የአለርጂው ሥር አልተነካም። ጀርመኖች ደግሞ ያንኑ ባክቴሪያ፣ ያንኑ ጂጂ፣ ደግመው ሞከሩትና እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙ። ኤክዜማ 28 በመቶ ከ27.3 በመቶ። ልዩነት የለም። ይባስ ብሎ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደረታቸው ሲር ያለባቸው ልጆች ባክቴሪያውን ከወሰዱት 26 በመቶ፣ ካልወሰዱት 9.1 በመቶ ነበሩ። አውስትራሊያ ውስጥም በሌላ ባክቴሪያ፣ በላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ፣ ኤክዜማው አልቀነሰም፣ በምርመራ ለአለርጂ መነሻዎች ምላሽ ያሳዩት ልጆች ጭራሽ በዙ። «ጉዳት የለውም፣ ብትሞክሪው ምን አለ» የሚለው ንግግር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ማይክሮስኮፕ

አልክድም። የጀርመኑ ጥናት ትንሽ ነበር፣ 105 ነፍሰ ጡሮች ናቸው የተመዘገቡት፣ ስለዚህ የደረቱን ነገር ብቻውን እንደ ማረጋገጫ አልወስደውም። ግን ያንኑ ባክቴሪያ ይዘው ሁለት አገሮች ሁለት መልስ ማግኘታቸው ልብ ሊባል ይገባል። አመጋገቡ፣ አካባቢው፣ ማን እንደዋጠው፣ ልጁ ወይስ እናቱ፣ ሁሉም ለውጥ ያመጣል።

ይህን የመጨረሻውን ኒውዚላንዶች አሳይተውናል። የመጀመሪያው ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ሁለት ባክቴሪያዎችን አወዳደሩ። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ኤችኤን001 የኤክዜማን አጋጣሚ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ቢፊዶባክቴሪየም አኒማሊስ ኤችኤን019 ግን ምንም አላመጣም። እናቶቹ ከ35ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሕፃናቱ ደግሞ ራሳቸው እስከ ሁለት ዓመታቸው ወስደዋል። ቆይተው ያንኑ ኤችኤን001 ለእናቶች ብቻ፣ ገና ከእርግዝናው መጀመሪያ አካባቢ እስከ ስድስት ወር የማጥቢያ ጊዜ ሰጡ፤ ለሕፃኑ በቀጥታ ምንም አልተሰጠም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፣ ኤክዜማው አልቀነሰም። ስለዚህ እህቴ፣ «እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ብወስድ ይበቃል?» ብለሽ ካሰብሽ፣ በዚህኛው ባክቴሪያ የተገኘው መልስ አይበቃም ነው።

የዓለም የአለርጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያ አውጥቷል። ልጃቸው ለአለርጂ በጣም የተጋለጠ ለሆነ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች፣ ለሕፃናቱም፣ ኤክዜማን ለመከላከል ፕሮባዮቲክን መጠቀም ይቻላል ይላል። የአንቺ የመጀመሪያ ልጅ አለርጂ ስላለበት ሁለተኛው እዚያ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ያው መመሪያ ማስረጃው በጣም ደካማ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል፤ የትኛው ባክቴሪያ፣ ስንት፣ መቼ የሚለውንም አልወሰነም። አስምንና የምግብ አለርጂን ይከላከላል የሚል ነገር የለውም።

የኦቾሎኒ አባት

ይቅርታ በመሀል ልግባ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ኦቾሎኒ ከነካች ታብጣለች። የአውስትራሊያ ሐኪሞች ኦቾሎኒን ከፕሮባዮቲክ ጋር ጥቂት በጥቂት እየሰጡ 80 በመቶ ያህሉን ልጆች አዳኑ የሚል አንብቤ ቤተሰቡ ሁሉ ተደስቶ ነበር። ያ ነገር የት ደረሰ?

ማይክሮስኮፕ

ወንድሜ፣ በትክክል አስታውሰሃል። ሜልበርን ውስጥ የተሠራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 62 ልጆች ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት 82 በመቶው ሕክምናው ቆሞም ኦቾሎኒውን ቻሉት፣ ባዶውን ከወሰዱት 3.6 በመቶ ብቻ። ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ኦቾሎኒውን ብቻ፣ ያለ ፕሮባዮቲክ፣ የወሰደ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ የሠራው ባክቴሪያው ይሁን ኦቾሎኒው አይታወቅም።

ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ያንን ጉድለት ሞሉት፣ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። 201 ልጆችን በሦስት ከፈሉ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አወጡ። ኦቾሎኒ ከፕሮባዮቲክ ጋር፣ 46 በመቶ። ኦቾሎኒ ብቻውን፣ 51 በመቶ። ባዶው፣ 5 በመቶ። ሥራውን የሠራው ኦቾሎኒው ነው። ፕሮባዮቲኩ የጨመረው ነገር ቢኖር በተለይ በትንንሾቹ ላይ የሆድ ሕመሙን ቀለል ማድረግ ነው።

የኦቾሎኒ አባት

ይሄንን አልሰማሁም ነበር። የመጀመሪያው ዜና በየቦታው ነበር፣ ሁለተኛውን ማንም አልነገረኝም። እውነት ለመናገር ቤት ውስጥ በትንሽ በትንሹ ልጀምርላት አስቤ ነበር።

የሕፃናት ነርስ

እባክህ እንዳታደርገው! ያ ሕክምና የሚሰጠው አለርጂ ላይ የሠለጠነ ሐኪም ባለበት፣ መጠኑ በሚሊግራም እየተለካ፣ ኤፒነፍሪን እጅ ላይ እያለ ነው። እዚያም ሆኖ ልጆች ከባድ ምላሽ ያሳያሉ።

ለመከላከል ከሆነ ደግሞ ለነፍሰ ጡሯ የምነግራት ከፕሮባዮቲክ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነገር አለ። ለንደን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አለ። ከባድ ኤክዜማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ገቡበት። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ኦቾሎኒ እንዳይነኩ ከተደረጉት 17.2 በመቶው አለርጂ ያዛቸው፤ ከ11 ወራቸው በፊት ጀምረው በየሳምንቱ ከበሉት ግን 3.2 በመቶ ብቻ። ሁለተኛው ልጅሽ ሲወለድ «አለርጂ እንዳይዘው ላዘግይለት» እንዳትዪ። ኤክዜማ ከታየበት መቼና እንዴት እንደሚጀምር ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ለሕፃን የሚሰጠው ደግሞ የላመ ነው እንጂ ፍሬው አይደለም፣ ያንቀዋል።

ሦስት ወር የዋጥኩ

አንድ ነገር ልጠይቅ። የድሮ እንክብሌ ላይ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ» ነበር የሚለው። አሁን ሌላ ረጅም ስም ነው ያለው። ባክቴሪያውን ቀየሩት?

ማይክሮስኮፕ

አልቀየሩትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንቲስቶች ላክቶባሲለስ የሚባለውን ትልቅ ቤተሰብ በዘረ መል አይተው ከፋፈሉት። ራምኖሰስ አሁን ላክቲኬሲባሲለስ ራምኖሰስ ሆኗል። ከስሙ በኋላ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች ግን አጥብቀህ ተመልከት፤ ጂጂ፣ ኤችኤን001 የሚሉትን። ውሻ ሁሉ ውሻ ነው፣ ግን በግ የሚጠብቀውና አደን የሚወጣው አንድ አይደሉም። ባክቴሪያም በአንድ ዝርያ ውስጥ እንደዚያ ነው። መጨረሻው ላይ ያ መለያ ያልተጻፈበትን ማሸጊያ ከየትኛውም ጥናት ጋር ማገናኘት አይቻልም።

እንቅልፍ ያጣች እናት

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፣ ሐኪሙን እስካገኝ ነው የቆየሁት።

ማሸጊያውን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ አንብቦ ለእሱ አይሆንም አለ። ከዚያ ቅባቱን እንዴት እንደምቀባው አሳዪኝ አለኝ። አሳየሁት። «ይሄማ በጣም ትንሽ ነው» አለኝ። ስቴሮይድ ነው ሲባል ፈርቼ የምስር ፍሬ የምታክል ብቻ ነበር የምቀባው። ቱቦውን ይዞ ከጠቋሚ ጣቴ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ መስመር አወጣልኝ፤ ያ መጠን የአዋቂ ሁለት መዳፍ ከነጣቱ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል አለኝ። ለቀላው ቦታ ብቻ፣ ለተወሰኑ ቀናት። ማለስለሻውን ግን መላ ሰውነቱን፣ በየቀኑ፣ ከታጠበ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ።

የክርኑ ማጠፊያ አሁን ሮዝ ነው፣ አይደማም። ካልሲውን አሁንም ያወልቃል፣ ግን ሳያክ የሚተኛበት ሰዓት ረዝሟል። ትናንት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለአምስት ሰዓት ያህል አንድም ጊዜ አልነቃም፤ እኔ ነኝ ነቅቼ ትንፋሹን ስሰማ የነበርኩት።

የሆዴን ልጅ በተመለከተ የኒውዚላንዱን ነገር ነገርኩት። ሁለቱንም ጥናቶች ያውቃቸዋል። አሁን ምንም አልጀምርም፤ ከ35ኛው ሳምንት በፊት ቀጠሮ ሰጥቶኛል፣ ለሕፃኑ በቀጥታ መስጠቱ ያዋጣል አያዋጣም ያኔ አብረን እንወስናለን። ማይክሮስኮፕ፣ የባክቴሪያዎቹን ስም ከነመለያቸው አንተ እንደጻፍከው ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ።

የሕፃናት ነርስ

ማሚዬ በጣም ደስ ብሎኛል። ስቴሮይዱን ለስንት ቀን እንዳለሽ ጻፊና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው፣ ቆዳው ሲያምር ቶሎ ማቆም ብዙ እናት የምትሳሳትበት ቦታ ነው። ያ ዱቄትስ የት ሄደ?

እንቅልፍ ያጣች እናት

«ወተት አለበት» ብዬ በቀይ ጻፍኩበትና መልሼ ወሰድኩት። ሻጯ አነበበችው፣ ደነገጠች። ከመደርደሪያው ላይ ያሉትንም አንድ በአንድ እያነሳች ጀርባቸውን ማንበብ ጀመረች።